እሳቱ ሰ

«ፈጥራ ነው የጻፈችው ይላሉ» አለ ወንድሟ ከግድግዳው ማዶ። «መጽሐፉ ጭራሽ የለም ይላሉ።»

ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እንኳን ወሬ የሻይ ማማሰያ ድምፅ አያስቀርም። እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ካልሲ ውስጥ እንደከተተች ደርቃ ቀረች። ወንድሟ ይህን ጉድ የሰማው ትናንት ሱቁ ውስጥ ነው። የቀለም ሱቅ አለው፤ የግድግዳ፣ የብረት፣ የበር ቀለም በቆርቆሮ ይሸጣል፤ ደንበኛ ሲመጣ ቀለሙን እየበጠበጠ ስለ እኅቱ ማውራት ይወዳል። «ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጭን ነው፣ በሴቶች ጥናት» ይላል። ደንበኛው «ሴትን ደግሞ ምን ያጠኗታል፣ አግብቶ ማየት ነው እንጂ!» ብሎ ሲሥቅ እሱም አብሮ ይሥቃል፤ ኩራቱን ግን አይተውም። ትናንት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ባል ለሳሎኑ ክሬም ቀለም ሊገዛ መጥቶ ኖሮ፣ «እኅትህ የሌለ መጽሐፍ ጠቅሳ ተገኘች አሉ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ሌሎች ደንበኞች ብሩሽ እየመረጡ መስለው ጆሯቸውን አቁመው ነበር።

«እሷ?» አለች የወንድሟ ሚስት። «እሷ ልትፈጥር? ያለውን ስታርም ነው እንጂ የምትውለው!»

«አትሣቂ፣ የምሬን ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መጽሐፉን ይዛ ካልቀረበች ትባረራለች። እኔስ ሰው ፊት ምን ብዬ ነው የምቆመው? ከእኛ ቤት ሰካራምም ወጥቷል፣ ሱሪውን አስይዞ ቁማር የተጫወተም ወጥቷል፤ ውሸታም ግን አልወጣም።»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

«ትስማ!»

ሁለተኛውን ካልሲ አጥልቃ ወጣች። ወንድሟ ዐይኑን ስልኩ ላይ ተከለ። ሻዩን ፉት ባለ ቁጥር ድምፁ ቤቱን ይሞላዋል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዳቦውን ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ አንብቤዋለሁ እኮ፤ በእነዚህ ዐይኖቼ» ልትለው አስባ ተወችው። እውነተኛ ሰው እንዲህ ብሎ ይምላል እንዴ? የወንድሟ ሚስት ዳቦውን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። ወንድሟ ተነሣ፣ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አወረደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ጀርባውን እንደሰጣት «እንግዲህ» አለ። የሚቀጥለውን ጠበቀች፤ አልቀጠለም። በሩ ተዘጋ።

በሰፈሩም በትምህርት ክፍሉም «ቀይ ቢክ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ቀድሞ የምታስተምርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ባልደረቦቿ ናቸው። የተማሪ ደብተር ማረምስ የማንም አስተማሪ ሥራ ነው፤ እሷ ግን የርእሰ መምህሩን ማስታወቂያ በቀይ ቢክ አርማ መልሳ የለጠፈች ጉደኛ ናት። ሥራን በእሳቱ ሰ ተጽፎ ካየች ጥርሷን እንደሚያማት ሰው ፊቷ ይጨማደዳል። የወንድሟን ሱቅ ታፔላ እንኳ አላለፈችውም፤ «የህንጻ ቀለሞች» የሚለውን ሕንጻ በሐመሩ ሐ ካልሆነ አልገባም ብላ ሰዓሊ አስመጥታለች። «ሰው እዚህ ቀለም ሊገዛ እንጂ ፊደል ሊቆጥር አይመጣም» እያለ አጉረምርሞ ነበር፤ ቢሆንም አስለወጠው።

ታክሲው ውስጥ የሁለት ሰው ወንበር ላይ ሦስተኛ ሆና ተጣብቃ ስትሄድ፣ ለወንድሟ ያልነገረችውን ነገር ደጋግማ አሰበች። መጽሐፍ የተባለው ነገር መጽሐፍ አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ተማሪ የጻፈችው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፣ በታይፕ ተመትቶ በጥቁር ጨርቅ የተጠረዘ። ነጋዴ ቆርጦ የሚያከፋፍላቸውን ኮሌታና እጅጌ ቤታቸው እየሰፉ ስለሚመልሱ ሴቶች የተጻፈ ነው። ርእሱ «ምን ሥራ አለኝ» ይላል። ያን ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሴቶች ጥናት የሚባል ጠባብ የንባብ ክፍል ነበር፤ እዚያ ቁጭ ብላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባይሆንም የሚያስፈልጋትን አንብባ በእጇ ገልብጣለች። የመመረቂያ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም ኮፒ ቤቶቹ የአንዱን ገጽ ዋጋ ከዳቦ ዋጋ አስበልጠውታል። ከዚያ የንባብ ክፍሉ ለቢሮ ተፈለገና ጽሑፎቹ ሁሉ ምድር ቤት ወረዱ። ምድር ቤት ተማሪ አይገባም። ማሽኑ ላይ ተፈልጎ ቁጥሩ ሲወጣ ብቻ ነው ሠራተኛ ሄዶ የሚያመጣው። ፈታኟ የሆኑት ፕሮፌሰር ደግሞ ራሳቸው ማሽኑ ላይ ፈልገው ስላጡት፣ በረቂቋ ኅዳግ ላይ «ይህ ምንጭ የለም» ብለው ጻፉ። ማስታወሻዋን ብታሳይ አማካሪዋ ሣቀችባት፤ «የራስሽ እጅ ጽሑፍ ምን ብሎ ይመሰክርልሻል?»

የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ከጠዋቱ ጀምሮ ሞልቷል። ወንበር ያጡ ተማሪዎች ደረጃው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን ተቀምጠዋል። የማውጫው ሠራተኛ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ «ጸጥታ!» ሲሉ ስለሚውሉ ተማሪው «እማማ ጸጥታ» ይላቸዋል፤ ከእሳቸው በላይ የሚጮህ ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ የለም። ቀይ ቢክ ፊታቸው ቆማ ነገሯን ባጭሩ አስረዳች። እማማ ጸጥታ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና በሁለት ጣት ብቻ ፊደሎቹን እየወጉ መጻፍ ጀመሩ።

«ም-ን… ስ-ራ…»

«እማማ፣ በንጉሡ ሠ ነው።»

«ምኑ?»

«ሥራ። እርስዎ በእሳቱ ሰ ነው የጻፉት። ያርሙት።»

እማማ ጸጥታ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቷት። «የኔ እናት፣ ንጉሡን ለማምጣት እኮ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን አለብኝ። ጣቴን ሪህ ይዞኛል።»

«እኔ ልጫንልዎት» አለችና ክንዷን በአገልግሎት መስኮቱ አሾልካ ራሷ አረመችው። እማማ ጸጥታ «ጉድ ነው!» ብለው መፈለጊያውን ተጫኑ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና «ምንም አልተገኘም» አለ። በጸሐፊዋ ስም ተፈለገ፤ ምንም። ርእሱ ዳግመኛ ተጻፈ፣ በንጉሡ ሠ፣ ያለ አንዳች ጉድፈት፤ ምንም አልተገኘም። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ርእሱን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እንዳለ ካልሰጡት አይነቃነቅም።

«ምድር ቤት ወርደው በዐይንዎ ቢያዩልኝስ?»

«ልጄ፣ እዚያ ያለውን ክምር ብታዪው እንዲህ አትዪኝም። ጣራ ድረስ ነው። ቁጥር አምጪልኝ እንጂ ሲኦልም ቢሆን ወርጄ አመጣልሻለሁ።» ከዚያ ከኋላዋ የተሰለፉትን አይተው «ጸጥታ!» አሉ፤ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም።

ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም፤ እግሯ ነው የወሰዳት። የቀድሞው የንባብ ክፍል በር ላይ አዲስ ምልክት ተለጥፏል፤ ውስጡ ሦስት ጠረጴዛና አንድ ማተሚያ ማሽን ገብቷል። መደርደሪያዎቹ የነበሩበት ግድግዳ ላይ ቀለሙ ሳይደበዝዝ የቀረ ሰፊ አራት ማዕዘን ይታያል። እሷ የምትቀመጥበት በመስኮቱ በኩል ያለው ጥግ ላይ አንድ ሸሚዙን ያሳመረ ሰው ሎሚ ቀለም ያለው ኩባያ ይዞ ቆሟል። «ማንን ነው?» አላት። ለአፍታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ ምናልባት እውነትም ያልነበረ ነገር አንብቤ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። ደክሟት በነበረበት ሰሞን ከሌላ ጽሑፍ ጋር አምታታው ይሆን? ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቃ ደረጃውን ይዛ ወረደች።

አዳራሹ መግቢያ ላይ ለተማሪ የተተዉ ሁለት ማሽኖች አሉ፤ አንዱ ተበላሽቷል። በሚሠራው ላይ ተራ ጠብቃ ተቀመጠችና ያወቀችውን ሁሉ ሞከረች። ሴቶች ብላ ጻፈች፤ በሴቶች የሚጀምር ርእስ መዓት መጣ፣ የሷ ግን የለም። ስፌት አለች፤ «ስፌት ለጫማ ሠሪዎች» መጣላት። ሰዓቱ እየገፋ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ነዘረ፤ አማካሪዋ ናት፤ «አገኘሽ?» የሚል መልእክት ልካለች። ስልኩን መልሳ ከተተችው። ከጀርባዋ ወረፋ የያዘች አንዲት ልጅ፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት መሆኗ ከአንገቷ ላይ ካልወለቀው መታወቂያዋ የሚታወቅ፣ «እትዬ፣ አንዴ ብቻ ላስቸግርሽ፣ ክፍል ልገባ ነው» አለቻት። ቀይ ቢክ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። ልጅቷ «ህግና ቤተሰብ» ብላ ጻፈች፤ ምንም አልተገኘም። ደገመችው፤ ምንም። «አስተማሪያችን አለ ብሎናል እኮ!» ብላ ልታለቅስ ደረሰች።

«በሐመሩ ሐ ነዋ!» አለቻት ቀይ ቢክ፣ ትዕግሥቷ አልቆ። «ሕግን በሃሌታው ሀ ማን ይጽፋል?»

ልጅቷ አፍራ አረመችው። ሕግና ቤተሰብ ከነቁጥሩ ብቅ አለ። «ተመስገን! ተባረኪ!» ብላ ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጽፋ እግሬ አውጪኝ አለች።

ቀይ ቢክ ማሽኑ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። ማሽኑ ጆሮ የለውም። ሕግ ሲሉት በየትኛውም ሐ ያው ሕግ መሆኑን አይሰማም፤ ያየውን ፊደል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የሚያየው ደግሞ ጸሐፊዋ የጻፈችውን እንጂ ልክ የሆነውን አይደለም። እሷ ከዚያ ጽሑፍ ላይ ስትገለብጥ ርእሱ በእሳቱ ሰ ተጽፎ ኖሯል። ማረሟን እንኳ አታስታውሰውም። ሰው ዐይኑን ሲያርገበግብ ማን ያስታውሳል? እጇ ራሱ አርሞት አልፏል። ማለዳም እማማ ጸጥታ በሪህ ጣታቸው ልክ ጽፈውት ነበር፤ እሷ ናት ክንዷን አሾልካ ያጠፋችው። ክው አለች።

ጣቷን ፊደሉ ላይ አስቀመጠች። ምን ስራ አለኝ። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ እንዴት እንደሚያስጠላ! ጣቷ እምቢ እንዳላት ያህል ቆየችና መፈለጊያውን ተጫነች። ማሽኑ አሰበ። አንድ ውጤት መጣ። የጸሐፊዋ ስም፣ ዓመቱ፣ ቁጥሩ፤ ሁሉም አለ። የጸሐፊዋን የአባት ስም ስታየው ደግሞ ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ሴትዮዋ በሃሌታው ሀ የጻፈችውን የገዛ አባቷን ስም እሷ በሐመሩ ሐ አቃንታው ኖሯል።

እማማ ጸጥታ ቁጥሩን አንብበው «ይኸውና!» አሉ፣ ጠዋት የሆነውን ሳያነሡ፤ ወይ ረስተውታል፣ ወይ ምሕረት አድርገዋል። ምድር ቤት ወርደው ቆዩ። ሲመለሱ ቀሚሳቸው ላይ የሸረሪት ድር ነበር። «ከሕንጻው ማውጣት አይፈቀድም» አሉ። ለምን እንደምትፈልገው ስትነግራቸው ግን ግራ ቀኝ አይተው መታወቂያዋን ያዙና «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዘጋለን። ሳንዘጋ ካላመጣሽው እኔም ከአንቺ ጋር እባረራለሁ» አሏት።

የዘጠኝ ሰዓቱ ስብሰባ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ስለነበራት መስኮቱ ሥር ቆማ ከፈተችው። ወረቀቱ ጠርዙ ቡኒ ሆኗል፤ የታይፑ ፊደል አንዳንድ ቦታ ወረቀቱን በስቶታል። ለወንድሟ ልትደውል ስልኳን አወጣች፤ ቆይ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ብላ መለሰችው። ያን ጊዜ ለመዝለል የቸኮለችውን መቅድም ዛሬ እንዲሁ ሥራ ለመፍታት ያህል አነበበችው። ጸሐፊዋ ስለ ርእሱ ትናገራለች። አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሥራሽ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ያለበትን ወረቀት በራሷ እጅ ሞልታ ሰጠቻት። «የጻፈችውን እንዳለ ወስጄዋለሁ» ትላለች ጸሐፊዋ፤ «ፊደሉን አላረምኩትም። ካረምኩት የእኔ ቃል ይሆናል፤ የእሷ መሆኑ ይቀራል።»

ቀይ ቢክ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ፣ ባላየሁት እያለች፣ የጠቀሰችውን ገጽ ፈልጋ ገለጠች። ልብስ ሰፊዋ የጻፈችው ሰፋ ባለ ኅዳግ ተለይቶ ተቀምጧል፤ «እኔ ምን ስራ አለኝ ስሰፋ ነው ምውለው ስሰፋ ነው ማመሸው አይኔ እስኪጠፋ»። ረቂቋን ከቦርሳዋ አውጥታ ከጎኑ አደረገችው። የሷ እንዲህ ይላል፤ «ሥራ አጥ ነኝ፤ ጊዜዬን በልብስ ስፌት አሳልፋለሁ።» ፊደሉ አንድም እንከን የለውም። ነጥቡ፣ ድርብ ሰረዙ በቦታው ነው። ሴትዮዋ ግን የለችም። ዐይኗ እስኪጠፋ የምታመሽበት ሌሊት፣ ያ ምሬት፣ ያ ሽሙጥ፣ ሁሉም ተጠርጎ ወጥቷል። በዚህች ባረመቻት አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ደግሞ ሦስተኛውን ምዕራፍ በሙሉ ሠርታበታለች፤ ርእሱም «ሥራ አጥነትን የተቀበሉ ሴቶች» ነው። ማን ተቀበለ? ሴትዮዋ የተቀበለችው ነገር የለም።

ስብሰባው የትምህርት ክፍሉ መሰብሰቢያ ውስጥ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይዘጋ መስኮት፣ ማንም ያልከፈታቸው የውሃ ጠርሙሶች። አማካሪዋ፣ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ የሚጠብቃት ሰው ያለ የምትመስለው ዶክተር፣ ጥቁሩን ጥራዝ በእጇ ስታይ ፊቷ በራ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። ጥራዙን ተቀብለው ሽፋኑን አዩ፣ ከዚያ የሷን የምንጭ ዝርዝር አዩ፣ እንደገና ሽፋኑን አዩ፤ በመጨረሻም ከት ብለው ሣቁ።

«በእሳቱ ሰ! እኛን ያጣላን ይሄ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ፕሮፌሰር።»

«እኔ ደግሞ አንቺ እንደጻፍሽው ነው የፈለግኩት፣ በንጉሡ!» ሣቃቸው ቀስ እያለ ጠፋና ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «ስምሽን አጥፍቻለሁ። እዚህ ብቻ አይደለም፤ ወሬው ወጥቷል መሰለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።» ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይቅርታው ሲወጣቸው አንገታቸው ቀላ። ጥራዙን ሳይገልጡ ገፋ አድርገው ወደ እሷ መለሱትና የፊርማውን ወረቀት ሳቡ። «በይ፣ ርእሱን ልክ እንደ ሽፋኑ አስተካክዪና ጨርሰናል። ቢክ ያለው ሰው?»

አማካሪዋ ከቦርሳዋ ቢክ አወጣች። ቀይ ቢክ ጥራዙን በሁለት እጇ ይዛ፣ የፕሮፌሰሩ እጅ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ አየች። እዚህ ክፍል ውስጥ ያን ገጽ ያየ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ምድር ቤት ይመለሳል፤ በክምሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ በእሳቱ ሰ የሚፈልገው ሰው ዓመት ሙሉ ላይመጣ ይችላል። ወንድሟ ነገ ሱቁ በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ ባል አስጠርቶ «ምን ነበር ያልከኝ?» ይለዋል። ቢኩ ወረቀቱን ነካ።

«ፕሮፌሰር፣ ገጹን ሳያዩት አይፈርሙ።»

ጠረጴዛው ሥር የአማካሪዋ ጫማ እግሯን ረገጣት፣ ጠበቅ አድርጎ። ፕሮፌሰሩ ቀና አሉ።

«የትኛውን ገጽ?»

ገልጣ ሰጠቻቸው። ረቂቋንም ከጎኑ አደረገች፤ ቦታውን በጣቷ አሳየች። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና በመጀመሪያ የሷን ጮክ ብለው አነበቡ፤ እንደ ዜና ነበር የሚነበበው። ከዚያ የልብስ ሰፊዋን አነበቡ። ነጥብ ስለሌለው የት እንደሚያቆሙ ጠፍቷቸው ባንድ ትንፋሽ ወረዱት፤ «አይኔ እስኪጠፋ» ሲሉ ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰለም። በማይዘጋው መስኮት የግቢው ጫጫታ ይገባል። አማካሪዋ «ያው ነው እኮ» አለች ፈጠን ብላ፣ «ትርጉሙ ያው ነው። አሳጥራ ጻፈችው እንጂ፤ የቋንቋ ጉዳይ ነው።»

ፕሮፌሰሩ አልሰሟትም፣ ወይም የሰሙ አልመሰሉም። «ይቺ ሴትዮ ሥራ አጥ ነኝ ብላለች?» አሉ።

«አላለችም።»

«ታዲያ ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

ፕሮፌሰሩ ቢኩን ለአማካሪዋ መለሱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ ይወድቃል፣ ከሱ ጋር መደምደሚያውም ይወድቃል፣ ሌሎቹ ጥቅሶችም አንድ በአንድ ከምንጫቸው ጋር ይመሳከራሉ፤ በዚህ ዓመት ምረቃ የለም፣ ለሚቀጥለው ትቅረብ፤ አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ኮሪደሩ ላይ አማካሪዋ ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ ምን ዐይነት ሰው ነሽ? በሩን ከፍተውልሽ! ሊፈርሙ!»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

«አታውቂም። ብታውቂ ዝም ትዪ ነበር።» ሰዓቷን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ በሌላ ስብሰባ ወደምትጠበቅበት በኩል እየተንደረደረች ሄደች።

ቀይ ቢክ ጥራዙን ደረቷ ላይ አቅፋ ግቢውን ማቋረጥ ስትጀምር ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። የጥሪውን ድምፅ እስኪበቃው አስጮኸችው፣ ከዚያ አነሣችው። በስልኩ ውስጥ ቀለም የሚበጠብጠው ማሽን ይሰማል፤ አንድ ደንበኛ ዋጋ ይጠይቃል።

«እሺ?» አለ። ጠዋት በሩ ላይ ያቆማትን «እንግዲህ» ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አምቆት የዋለ ይመስላል። «አለ ወይስ የለም?»

«አለ፣ ጋሼ። አግኝቼዋለሁ። በእጄ ነው ያለው።»

ትንፋሹ ሲወጣ ሰማችው። ከዚያ ስልኩን ከአፉ ራቅ ሳያደርግ «አለ!» ብሎ ለሱቁ ሁሉ ጮኸ። «አላልኳችሁም? አለ! ታዲያ ተመረቅሽ በይኛ!»

«አልተመረቅኩም። ዘንድሮ የለም።»

«እንዴት? መጽሐፉ አለ ካልሽ…»

«መጽሐፉስ አለ። እዚያ ላይ ያለችውን ሴትዮ ያላለችውን አስብያታለሁ። እነሱ አላዩትም ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳየኋቸው።»

ማሽኑ ይሽከረከራል። ደንበኛው ዋጋውን ደግሞ ጠየቀ፣ ከዚያ «አንተ ሰው!» አለ፤ ወንድሟ መልስ አልሰጠውም። ስልኩን አልዘጋውም፤ እሷም አልዘጋችም። ጥላዋ ከፊቷ ረዝሞ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ ነካ። አንድ ክፉ ነገር እንዲናገራት ጠበቀች፤ የጠዋቱን ቃል ሊደግመው ከሆነ ይድገመው ብላ ራሷን አዘጋጀች። ማሽኑ ቆመ፤ ሳያጠፋው አልቀረም።

«አሁን የት ነሽ?» አላት።

«መጽሐፉን ልመልስ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ነው። አሥራ አንድ ላይ ይዘጋሉ።»

ጉሮሮውን ጠረገ።

«በይ ፍጠኚ» አላት። «ሳይዘጉብሽ ድረሺ።»